የጃባ ወንዝ ዕዳ፦ መዳቡ ወደ ምሥራቅ፣ ዝቃጩ ወደ ምዕራብ

በደቡብ ምዕራብ ፓስፊክ የምትገኝ አንዲት በደን የተሸፈነች ደሴት ነጻ አገር ለመሆን ቀን ቆርጣለች፤ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2027። ስሟ ቡገንቪል ነው። ዛሬ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ራስ ገዝ ክልል ናት፤ የሕዝቧ ቁጥር ከ300 ሺህ ብዙም አይርቅም። ስለ እሷ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከጦርነቱ ወይም ከሕዝበ ውሳኔው ይጀምራል። ነገሩ ግን የሚጀምረው ጃባ ከሚባል አንድ ትንሽ ወንዝ ነው። ደሴቲቱ ለምን መለየት እንደፈለገች፣ ለምን እስካሁን እንዳልተለየች፣ ነገ ብትለይስ በምን እንደምትተዳደር መረዳት የሚፈልግ ሰው ይህ ወንዝ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚፈስ ማወቅ አለበት። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሟን ያገኘችው በ1768 በአጠገቧ ካለፈው ፈረንሳዊ መርከበኛ ከሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የግቢ አጥር ላይ ቀይና ሐምራዊ ሆኖ የሚንጠለጠለው ቡገንቪላ አበባም የተሰየመው በዚሁ ሰው ነው። ከፈረንሳዩ በኋላ ጀርመኖች መጡና ደሴቲቱን ቅኝ ግዛታቸው አደረጓት። መሐል ለመሐል የሚያልፉትን ተራሮች በአልጋ ወራሻቸው፣ በምዕራብ በኩል ያለውን የባሕር ወሽመጥ ደግሞ በእቴጌያቸው በአውጉስታ ስም ጠሩ። ስሞቹ እስከ ዛሬ ካርታ ላይ አሉ። ወንዞቹ ግን የአገሬውን ስም ይዘው ቀሩ፤ ካዌሮንግና ጃባ።

ደሴቲቱ ረዥምና ቀጭን ናት። ርዝመቷ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ስፋቷ የጋምቤላ ክልልን ሲሶ ቢያክል ነው። ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንደ አከርካሪ የተዘረጉ ተራሮች አሏት፤ ከፍተኛው ባልቢ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ ባጋና የሚባለው እሳተ ገሞራ ደግሞ ዛሬም ይጨሳል። በመካከለኛው የተራራ ክፍል በዓመት ከ4 ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ይህ አዲስ አበባ ከምታገኘው ሦስት እጥፍ ይበልጣል። አፈሩ ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ ስለሆነ ለም ነው፤ ግን ልል ነው፤ ደኑ ሥሩን ካላጠላለፈበት ዝናቡ ይዞት ይወርዳል።

እንግዲህ ሁሉም ነገር የሚያያዘው ከዚህ ሸንተረር ጋር ነው። በምሥራቅ በኩል የወረደው ዝናብ በአጭር ጉዞ ወደ ፓስፊክ ይገባል። በምዕራብ በኩል የወረደው ግን ካዌሮንግን ይሞላል፤ ካዌሮንግ ቁልቁል ወርዶ ጃባን ይቀላቀላል፤ ጃባ ሜዳውን አቋርጦ በእቴጌ አውጉስታ ወሽመጥ ባሕር ይገባል። ከካዌሮንግ ራስጌ እስከ ባሕሩ ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ ከ30 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዓባይን ለለመደ ሰው ይህ ወንዝ ሳይሆን ጅረት ነው። ለናሲዮይና ለናጎቪሲ ሕዝቦች ግን መንገድ፣ የዓሣ ጎተራ፣ መታጠቢያ፣ የመሬት ድንበርም ነበር።

መሬት በአብዛኛው የደሴቲቱ ክፍል የሚተላለፈው በእናት ሐረግ ነው። ልጅ የእናቱ ጎሣ ነው፤ እርሻውም፣ ደኑም፣ የወንዙ ዳርቻም የዚያ ጎሣ ነው። ሴቶቹ መሬቱን የሚያስቡት እንደ ንብረት ብቻ ሳይሆን ለሚወለደው ልጅ እንደተቀመጠ አደራ ነው። ከ20 በላይ ቋንቋዎች ባሉባት በዚህች ደሴት (ከእነሱ አንዱ ሮቶካስ የሚጻፈው በ12 ፊደላት ብቻ ነው፤ ከሀ እስከ ፐ የፊደል ገበታ ለቆጠረ ልጅ የሚያስቀና ነገር ነው) ጎሣዎች በብዙ ነገር ቢለያዩም በአብዛኛው በዚህ ሥርዓት ይመሳሰላሉ። መሬት የሚሸጥ ነገር አልነበረም። ከመሬት በታች ያለው ደግሞ ከመሬቱ ተለይቶ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ ማንም አያውቀውም ነበር።

ይህን ሐሳብ ያመጣው የአውስትራሊያ አስተዳደር ነው። አውስትራሊያ ደሴቲቱን ከጀርመን የነጠቀችው በ1914 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ያዘቻት፤ የፐርል ሃርበሩን ጥቃት ያቀደው አድሚራል ያማሞቶ በኤፕሪል 1943 አውሮፕላኑ ተመቶ የሞተው በዚችው ደሴት ሰማይ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር አሜሪካውያን የባሕር ወታደሮች በእቴጌ አውጉስታ ወሽመጥ ወረዱ። ከጦርነቱ በኋላ አውስትራሊያ ተመለሰች፤ በ1964 ደግሞ ከካዌሮንግ ራስጌ፣ ፓንጉና በሚባለው ሸለቆ፣ የድርጅት ጂኦሎጂስቶች መዳብ ፍለጋ ጀመሩ። ያገኙት በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት የመዳብና የወርቅ ክምችቶች አንዱን ነው።

ፈላጊው ድርጅት የሪዮ ቲንቶ የአውስትራሊያ ቅርንጫፍ ነበር። የዚህን ድርጅት ስም ትርጉም ብዙ ሰው አያውቀውም። ሪዮ ቲንቶ በስፔን አንዳሉሲያ የሚገኝ ወንዝ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ በማዕድን የተነሳ ውኃው ቀልቶ የሚፈስ፣ ስሙም «ባለ ቀለም ወንዝ» ማለት ነው። ድርጅቱ በ1873 የተቋቋመው የዚያን ወንዝ ማዕድን ከስፔን መንግሥት ገዝቶ ነው። ሌላ ወንዝ ለማቅላት ፓስፊክ ድረስ መሄዱ አጋጣሚ ነው፤ ግን ለመርሳት የሚያስቸግር አጋጣሚ ነው።

የፓንጉና ሰዎች ቆፋሪዎቹን ሲያዩ ያቀረቡት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ የምታወጡት የማን ነው? ያገኙት መልስም ቀላል ነበር። ሕጉ ከመሬት በታች ያለውን ማዕድን ለመንግሥት ይሰጣል፤ የእናንተ የላይኛው አፈር ነው። በ1966 አንድ የአውስትራሊያ ሚኒስትር በአካል መጥቶ ይህንኑ ነገራቸው፤ ጥቅሙ ለጠቅላላው ግዛት እንጂ ለብቻችሁ አይደለም አላቸው። ከዚያ ወዲያ የቡገንቪል የምክር ቤት ተወካይ ፖል ላፑን ታግሎ አንድ ማሻሻያ አስወሰነ፤ መንግሥት ከሚያገኘው ሮያሊቲ 5 በመቶው ለባለ መሬቶቹ እንዲሰጥ። በጊዜው እንደ ታላቅ ድል ተቆጠረ። እስቲ በብር እናስላው። ሮያሊቲው ከተሸጠው መዳብ ዋጋ 1.25 በመቶ ነው። የ10 ሺህ ብር መዳብ ሲሸጥ 125 ብር ሮያሊቲ ይከፈላል፤ ከ125 ብሩ የባለ መሬቶቹ ድርሻ 6 ብር ከ25 ሳንቲም ነው። ለተያዘው መሬትና ለጠፋው ሰብል የተለየ ካሳ ይከፈል ነበር፤ ያም ቢጨመር ለባለ መሬቶቹ የደረሰው ከጠቅላላው ትርፍ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

በኦገስት 1969 በምሥራቁ ዳርቻ፣ ለወደብ በተፈለገው የሮሮቫና መንደር፣ ሴቶች ቀያሾች የተከሉትን ችካል ነቅለው መሬቱ ላይ ቆሙ። ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጋዝ በተናቸው። ፎቶግራፉ በአውስትራሊያ ጋዜጦች ወጥቶ ቁጣ ቀሰቀሰና ድርጅቱ ለሮሮቫና የተሻለ ስምምነት አቀረበ። ከሸንተረሩ ማዶ በካዌሮንግ ሸለቆ የሚኖሩት ግን ካሜራ አልደረሳቸውም። በእነሱ በኩል ደኑ በመድኃኒት ተመርዞ ተቆረጠ፤ ማዕድኑን የሸፈነው የአመድ አፈር ደግሞ በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ውኃ እየታጠበ ወንዙ ውስጥ ተለቀቀ። ወንዙ የመጀመሪያውን ጭቃ የጠጣው ማዕድኑ ገና ሳይመረት ነው።

ምርት በ1972 ተጀመረ። አሠራሩን መረዳት አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም በኋላ የሆነው ሁሉ ከአሠራሩ የመጣ ነው። በፓንጉና ድንጋይ ውስጥ ያለው መዳብ ከመቶ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው። ስለዚህ አንድ ቶን ድንጋይ ተፈጭቶ አምስት ኪሎ ገደማ መዳብ ይወጣዋል፤ የቀረው ዱቄት ሆኖ ይጣላል። ጠቃሚው ዱቄት ከውኃ ጋር ተቀላቅሎ በቱቦ ሸንተረሩን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሎሎሆ ወደብ ይላክ ነበር። የማይጠቅመው፣ በቀን ከ100 ሺህ ቶን በላይ የሚሆን ዝቃጭ፣ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ካዌሮንግ ይለቀቅ ነበር። መርከቡ፣ ሱቁ፣ ሆስፒታሉ፣ አዲሱ የአራዋ ከተማ፣ መብራቱ፣ ደሞዙ በምሥራቅ ናቸው። በምዕራብ ያለው ወንዝ ነው።

ዝቃጩን የሚይዝ ግድብ ለምን አልተሠራም? ድርጅቱ መልስ ነበረው፤ መልሱም ባዶ ሰበብ አልነበረም። ሸለቆው ቀጥ ያለ ነው፣ ዝናቡ ኃይለኛ ነው፣ አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ ያጠቃዋል፤ እንዲህ ባለ ቦታ የተሠራ ግድብ ቢደረመስ ታች ያለውን ሁሉ ይጠርጋል። ግን ከዚህ የሚከተለው ሁለት ነገር ነበር፤ ወይ ዝቃጩን በቱቦ ባሕር ድረስ መውሰድ፣ ወይ ማዕድኑን መተው። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣል። ወንዙ ነጻ ነበር። ቱቦው በኋላ በ1980ዎቹ መጨረሻ መዘርጋት ተጀምሮ ነበር፤ አገልግሎት ሳይሰጥ ማዕድኑ ተዘጋ።

እስከ 1989 ድረስ ከ1 ቢሊዮን ቶን የሚበልጥ ድንጋይና ዝቃጭ በካዌሮንግና በጃባ ተፋሰስ ተጣለ። ይህ ቁጥር ወንዙ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት የውኃ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። የወንዙ ወለል በደለል እየሞላ ከፍ አለ። አንድ የነበረው ፍሰት ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ በግራጫ አሸዋ ላይ መንከራተት ጀመረ። ገባር ወንዞቹ አፋቸው በደለል ስለተደፈነ ወደ ኋላ ተኝተው ረግረግ ሆኑ፤ ረግረጉ ውስጥ የገባው ደን ቆሞ ደረቀ። ዓሣው ጠፋ። ከጉድጓዱ አጠገብ ውኃው ከድንጋዩ መዳብ እያሟሟ ስለሚወርድ ድንጋዮቹ ዛሬም ሰማያዊና አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። ጃባ ባሕሩ በሚገባበት ቦታ ደግሞ ቀድሞ ያልነበረ ሰፊ የአሸዋ መሬት ወደ ወሽመጡ ተዘረጋ፤ ከሰማይ በተነሱ ምስሎች ላይ በቀላሉ ይለያል።

ለድርጅቱ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ያደረገው ጥሩ ነገር ነበር። ሠራተኞችን አሠለጠነ፣ ለወጣቶች የትምህርት ዕድል ሰጠ፣ መንገድ ሠራ። ከሠራተኞቹ ሲሶ ገደማ የደሴቲቱ ተወላጆች ነበሩ። በ17 ዓመት ውስጥ 3 ሚሊዮን ቶን መዳብና 306 ቶን ወርቅ አወጣ፤ ማዕድኑ ከፓፑዋ ኒው ጊኒ የውጭ ንግድ ገቢ ወደ 45 በመቶ፣ ከመንግሥት የአገር ውስጥ ገቢም ወደ 17 በመቶ የሚሆነውን ይሸፍን ነበር። ችግሩ ያለው እዚሁ ቁጥር ላይ ነው። አውስትራሊያ በ1975 ለፓፑዋ ኒው ጊኒ ነጻነት ስትሰጥ አዲሱ መንግሥት በእጁ የነበረው ዋናው የገንዘብ ምንጭ ይህ ጉድጓድ ነበር። አንድ አገር ከሚወጣው ዕቃ ግማሽ ያህሉ ከአንድ ጉድጓድ ሲመጣ፣ ጉድጓዱን መነካካት አገሩን መነካካት ይሆናል። ስለዚህ የወንዙ ሰዎች አቤቱታ በፖርት ሞርስቢ እንደ ሉዓላዊነት ጉዳይ እንጂ እንደ ውኃ ጉዳይ አልተሰማም።

ቡገንቪላውያን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ቀድመው አይተውት ነበር። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ነጻ ልትሆን 15 ቀን ሲቀራት፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1975፣ «የሰሜን ሰሎሞን ሪፐብሊክ» ብለው ነጻነታቸውን አወጁ። ማንም አገር ዕውቅና አልሰጣቸውም። ካርታውን ላየ ሰው ጥያቄያቸው እንግዳ አይደለም። ፖርት ሞርስቢ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ዛሬ የሰሎሞን ደሴቶች አገር የሆነው ጎረቤት ግን ከደቡብ ጫፍ ማዶ በጀልባ ይደረሳል። ቡገንቪልን ከሰሎሞን ለይቶ ከኒው ጊኒ ጋር ያሰራት ሕዝቧ ሳይሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመንና በእንግሊዝ መካከል የተደረገ ክፍፍል ነው። ይህ ዓይነቱ ድንበር የት እንዳደረሰ የአፍሪካ ቀንድ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የዚያን ጊዜ ጉዳዩ የተፈታው ለክፍለ ሀገሩ የራሱ አስተዳደር በመስጠት ነው። ወንዙ ግን በስምምነቱ ውስጥ አልነበረም።

በ1987 የባለ መሬቶች ማኅበር አዲስ መሪዎች መረጠ። ሊቀ መንበሯ ፔርፔቱዋ ሴሬሮ፣ ጸሐፊው ዘመዷ ፍራንሲስ ኦና ነበሩ። ኦና በማዕድኑ ውስጥ በቀያሽነት የሠራ ሰው ነው፤ ጉድጓዱን ከውስጥ ያውቀዋል። ነባሮቹን የማኅበር መሪዎች የካሳውን ገንዘብ ለራሳቸው አዋሉት ብለው ይከሱ ነበር። እዚህ ላይ የትውልድ ጠብም አለ፤ አባቶች በተፈራረሙት ውል ልጆች ያለ መሬት ቀሩ። የጠየቁት ካሳ 10 ቢሊዮን ኪና ነበር፤ ማዕድኑ በሕይወት ዘመኑ ካስገባው ጠቅላላ ገቢ በላይ ነው። ድርጅቱም መንግሥትም ሳቁ። ቁጥሩ እንደ ክፍያ ጥያቄ ከታየ በእርግጥ የማይቻል ነው፤ እንደ መልእክት ከታየ ግን ግልጽ ነበር፤ የወሰዳችሁትን ሁሉ መልሱና ሂዱ።

በኖቬምበር 1988 መንግሥት ያሰማራቸው የውጭ አጥኚዎች ውጤታቸውን አቀረቡ። ወንዙ ላይ የደረሰውን ጥፋት አልካዱም፤ ነገር ግን ሕዝቡ የሚያምነውን የኬሚካል መርዝ ማስረጃ አላገኘንም አሉ። ኦና ስብሰባውን ረግጦ ወጣ። በዚያው ወር ከማዕድኑ መጋዘን ድማሚት ተሰረቀ፤ ወዲያው ኤሌክትሪክ ተሸካሚ ምሰሶዎች መውደቅ ጀመሩ። የሳይንስ ሪፖርት ጦርነት አይጀምርም፤ ግን ዓሣ የሌለው ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው «መርዝ አላገኘንም» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚሰማ ጸሐፊዎቹ የገመቱ አይመስልም። ሜይ 15 ቀን 1989 ማዕድኑ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።

የቀጣዮቹ ዓመታት ታሪክ በአጭሩ ቢነገር ይሻላል፤ ሰፊ ነው፣ አሰቃቂም ነው። ሠራዊቱ ገባ፣ መንደሮች ተቃጠሉ፣ ሕዝቡ በሠራዊቱ ጥበቃ ሥር ወደ ሰፈራ ጣቢያ ተወሰደ። በማርች 1990 ሠራዊቱ ሲወጣ ደሴቲቱ በባሕር ተከበበች፤ መድኃኒት እንኳ እንዳይገባ ተከለከለ። ኦና በሜይ 1990 ነጻነት አወጀ። ከዚያ ደግሞ ቡገንቪላዊ ቡገንቪላዊን መግደል ጀመረ፤ የኦና አብዮታዊ ጦር በአንድ ወገን፣ መንግሥት ያስታጠቃቸው የአካባቢ ታጣቂዎች በሌላ ወገን፣ የቆየ የጎሣ ቂምም በመካከል። የሟቾች ግምት እስከ 20 ሺህ ይደርሳል፤ ብዙዎቹ የሞቱት በጥይት ሳይሆን በከበባው ባጡት መድኃኒት ነው። ያኔ የደሴቲቱ ሕዝብ ከ150 ሺህ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

በከበባው ውስጥ የሆነ አንድ ነገር ግን መጥቀስ ያሻል። ነዳጅ ሲጠፋ ደሴተኞቹ መኪኖቻቸውን በኮኮናት ዘይት ነዱ። ከማዕድኑ ፍርስራሽ በለቀሙት ብረትና ሞተር ደግሞ በየጅረቱ ትንንሽ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ሠሩ። ጃባን የገደለው ማሽን በሌሎች ጅረቶች ላይ መብራት ሆነ።

በ1997 መጀመሪያ የጠቅላይ ሚኒስትር ጁሊየስ ቻን መንግሥት ማዕድኑን በኃይል ለማስመለስ ሳንድላይን ከሚባል ድርጅት ጋር በ36 ሚሊዮን ዶላር ውል ገባ፤ ቅጥረኛ ወታደሮችም አገር ውስጥ ገቡ። ቡገንቪል ግን አልደረሱም። የራሱ የመንግሥት ሠራዊት አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ጄሪ ሲንጊሮክ ቅጥረኞቹን አስሮ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲወርድ ጠየቀ። ቻን ገለል አለ፤ በምርጫውም ወንበሩን አጣ። ወታደር መንግሥት ሲገለብጥ የሚታየው ሥልጣን ለመያዝ ነው፤ ሲንጊሮክ ግን ሥልጣን አልያዘም። በዚያው ዓመት በኒው ዚላንድ የሰላም ንግግር ተጀመረ። ለሰላሙ መንገድ የጠረጉት ብዙ ጊዜ ሴቶቹ ነበሩ፤ ጫካ ገብተው ልጆቻቸውን የመለሱ እናቶች። መሬቱ የእነሱ በሆነበት አገር «ይብቃ» የማለት ሥልጣንም የእነሱ ነበር። ሰላሙን ለመታዘብ ከኒው ዚላንድ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከፊጂና ከቫኑዋቱ የመጡት ሰዎች መሣሪያ አልያዙም።

ኦገስት 30 ቀን 2001 የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ራስ ገዝ አስተዳደር፣ የጦር መሣሪያ ማስወገድ፣ ራስ ገዝ መንግሥቱ ከተመሠረተ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥም ሕዝበ ውሳኔ። ኦና ስምምነቱን ሳይቀበል፣ ፓንጉናን ዘግቶ እንደተቀመጠ በ2005 ሞተ። ሕዝበ ውሳኔው በ2019 ተካሄደ፤ 176,928 ሰው ለነጻነት፣ 3,043 ሰው ደግሞ ለሰፋ ራስ ገዝነት ድምፁን ሰጠ። ከ98 በመቶ በላይ ነው። በቁጥሩ ከኤርትራ የ1993 እና ከደቡብ ሱዳን የ2011 ሕዝበ ውሳኔ ጋር የሚሰለፍ ነው፤ በውጤቱ ግን አይደለም። ኤርትራና ደቡብ ሱዳን ድምፃቸው በተቆጠረ በወራት ውስጥ አገር ሆኑ። የቡገንቪል ድምፅ ግን በስምምነቱ መሠረት የፓፑዋ ኒው ጊኒ ፓርላማ ካላጸደቀው አስገዳጅ አይደለም። ፖርት ሞርስቢ ከ800 በላይ ቋንቋ ያላት አገር ናት፤ አንዷ ስትሄድ ሌሎቹም ይከተላሉ ብላ ትፈራለች። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ የገባችው ቃልም እንዲሁ ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ ነው ወንዙ የሚመለሰው። በ2016 ሪዮ ቲንቶ በማዕድኑ ድርጅት የነበረውን 53.8 በመቶ አክሲዮን ያለ ክፍያ ለቀቀ፤ 36.4 በመቶው ለቡገንቪል፣ 17.4 በመቶው ለፓፑዋ ኒው ጊኒ ደረሰ። ስጦታ ይመስላል። ከአክሲዮኑ ጋር ግን ድርጅቱ የወንዙን ኃላፊነት ከጫንቃው ለማውረድ ሞከረ፤ በዘመኑ በነበረው ሕግ መሠረት ሠርቻለሁ የሚል ነበር አቋሙ። ይህ ክርክር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያን ሕግ ያወጣው የቅኝ ግዛት አስተዳደር መሆኑና ወንዙ ዳር ያለ ሰው ያልተጠየቀበት መሆኑም እውነት ነው። በ2020 የ156 ነዋሪዎች አቤቱታ በአውስትራሊያ ቀረበ። ሪዮ ቲንቶ በ2021 ለጉዳት ጥናቱ ገንዘብ ለመክፈል ተስማማ፤ የመጀመሪያው ዙር ሪፖርት በዲሴምበር 2024 ታተመ። ሊደረመሱ የደረሱ የጃባ መከላከያ ክትሮችን፣ ያረጁ ሕንጻዎችን፣ በደለሉ ምክንያት እየተስፋፋ የሚሄደውን ጎርፍ ለሰው ሕይወት አደጋ ናቸው አለ። ማዕድኑ ከቆመ 35 ዓመት ቢሆንም ደለሉ አልቆመም፤ ዝናቡ በየዓመቱ ከላይኛው ሸለቆ እየላገ ያወርደዋል።

የዛሬው የቡገንቪል ፕሬዚዳንት ኢሽማኤል ቶሮአማ የቀድሞ የአብዮታዊው ጦር አዛዥ ናቸው። ያንን ማዕድን ለመዝጋት የተዋጉት ሰው ዛሬ እንዲከፈት ይፈልጋሉ፤ በ2024 መንግሥታቸው ለዚያው የማዕድን ድርጅት የፍለጋ ፈቃዱን ለ5 ዓመት አደሰ። እንደ ክህደት የሚያዩት አሉ። ግን ሒሳቡ ጨካኝ ነው። ራስ ገዝ መንግሥቱ ከበጀቱ አብዛኛውን የሚያገኘው ከፖርት ሞርስቢ ነው፤ ፓንጉና ውስጥ ደግሞ ገና 5.3 ሚሊዮን ቶን መዳብ እንዳለ ይገመታል፤ ለኤሌክትሪክ መኪናና ለኃይል መስመር ሲባል የመዳብ ተፈላጊነት የጨመረበት ዘመን ነው። ከጎረቤት በሚላክ ገንዘብ የምትኖር ደሴት ነጻ ነኝ ብትል ነጻነቷ ወረቀት ላይ ይቀራል። ከቀድሞው የሚለይ አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የ2015 የቡገንቪል የማዕድን ሕግ ከመሬት በታች ያለውን ለባለ መሬቶቹ ይሰጣል፤ ፈቃዳቸውን ካልሰጡ ቁፋሮ የለም። በ1966 የተነፈጉትን መልስ ከ49 ዓመት በኋላ ራሳቸው በሕግ ጻፉት።

የጎደለው ግን የወንዙ ሰው ነው። የጉድጓዱ ባለ መሬት ድርሻ ይኖረዋል፣ እሺ ወይም እምቢ ይላል። ከታች በጃባ ሜዳ፣ መሬቱ በአሸዋ የተቀበረበት፣ ድልድይ ስለሌለው ልጆቹ ትምህርት ቤት ለመሄድ ደለሉን የሚሻገሩበት ሰው ግን በቁፋሮው ፈቃድ ላይ የዚያን ያህል ድምፅ የለውም። ጉድጓዱ ቢከፈት ዝቃጩ የት እንደሚሄድ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። ዝናቡ ያው ነው፣ ሸለቆው ያው ነው፣ መሬቱም ይንቀጠቀጣል፤ በ1972 ግድብ እንዳይሠራ ያደረጉት ምክንያቶች አንዳቸውም አልተነሱም። ለጽዳቱ ማን ምን ያህል እንደሚከፍል ድርጅቶቹና መንግሥቱ ጠረጴዛ ዙሪያ እየተነጋገሩ ነው።

እስከዚያው ወንዙ ዳር ሥራ አለ። ወንዶች፣ ሴቶችና ሕጻናት በአካፋና በሳህን ግራጫውን አሸዋ እያጠቡ፣ ፋብሪካው ያመለጠውን ወርቅ ይለቅማሉ፤ ወርቁን ለመያዝም ሜርኩሪ ይጠቀማሉ።